ከሁሉ የተሻለው የሥነ ምግባር ታሪኬ እኔው ራሴ ያጠፋሁበት ነው፤ ማመልከቻው ላይ ልጻፈው ወይስ ልተወው?

ቀበና_ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ይቅርታ፤ ሳላብራራው ምክር ብጠይቅ ግን ዋጋ የለውም።

አንድ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተመራማሪ ይፈልጋል። ሥራው ሥነ ምግባር ላይ ነው። ጥናት የሚሠሩ ሰዎች መረጃ የሚሰጣቸውን ሰው እንዴት እንደሚይዙት፣ የተሰበሰበው የሰው መረጃ የት እንደሚደርስ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር። ቢሮው ካዛንችስ ነበር፣ አሁን ወደ ስታዲየም አካባቢ መጥቷል። ማስታወቂያውን ቴሌግራም ላይ ነው ያየሁት፤ በኋላ የእሁዱ ሪፖርተር ላይም ስላገኘሁት እውነተኛ ነው። ማስተርሴ ሶሻል ወርክ ነው፣ ከስድስት ኪሎ። ሦስት ዓመት ያህል መረጃ ሰብሳቢ፣ ኋላ ላይ ደግሞ የቡድን መሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ወረቀት ላይ ስታዩኝ እመጥናለሁ።

የሚጠይቁት ሲቪ፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ደብዳቤ፣ የጽሑፍ ናሙና እና ሁለት ሪፈረንስ ነው። እስከዚህ ቀላል። ከዚያ አንድ ጥያቄ አለች፤ «በሥራዎ ላይ ያጋጠመዎትን የሥነ ምግባር ፈተና እና የወሰዱትን እርምጃ ከ400 ባልበለጡ ቃላት ይግለጹ»። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተቀምጬ የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እሱንም አጠፋሁት።

ምክንያቱም ያለኝ ታሪክ ይኼ ነው። ከአራት ዓመት በፊት እዚሁ አዲስ አበባ አንድ የቤት ለቤት ጥናት ላይ ነበርኩ። ታብሌት ይዘን በር እናንኳኳለን። ቀኑ አለቀ፣ ኮታው አልሞላም፤ ዝናቡ፣ ሰው ቤቱ አለመገኘቱ፣ ውሻው፣ ሁሉም ተደማምሮ። በመጨረሻው ቀን ሱፐርቫይዘራችን ሰባታችንንም ፒያሳ አንድ ካፌ ሰበሰበን፣ ማኪያቶ አዘዘልን፣ «በሉ የቀረችውን እዚሁ ዝጓት፤ ሰፈሩን ታውቁት የለ» አለን። ዘጋናት። እኔ 11 ፎርም ሞላሁ። ማንም አላስገደደኝም። ማኪያቶዬን እየጠጣሁ ነው የሞላሁት።

ያ ሱፐርቫይዘር ደግሞ ዛሬ ትልቅ ቦታ ደርሷል። ይወደኛል፤ ስለኔ ሲጠየቅ የሚናገረውን እኔ ራሴ ስለራሴ አልናገረውም። ሁለት ሥራ በእሱ ምስክርነት አግኝቻለሁ።

እና ምን ይሻላል? እውነቱን ልጻፍ ወይስ ሌላ ንጹሕ ታሪክ ልፍጠር? የሥነ ምግባር ሥራ ለማግኘት መዋሸት ራሱ ያስቀኛል። ግን ደግሞ «11 ፎርም ከልቤ አፍልቄ ሞልቻለሁ» ብሎ ለቀጣሪ የሚጽፍ ሰው አለ? የሚዘጋው አርብ 11 ሰዓት ነው።


ሒሳብ_ከኋላ፦

እህቴ አትድከሚ። ሰውየው ተመርጦ አልቋል፤ ማስታወቂያው የወጣው ለደንቡ ነው። እኔ ስንት ቦታ አስገብቼ አንዱ ብቻ ነው የደወለልኝ፣ እሱም ቁጥር ተሳስቶ።

በግምት ያልሞላ ማን አለ? እኔ ሞልቻለሁ። ኢንተርቪው የሚያደርግሽም በጊዜው ሞልቷል። «አለቃዬ ያልሄድኩበትን አበል ፈርሚ አለኝ፣ እኔም እምቢ አልኩ» ብለሽ ጻፊና ገላገይው። ሰውየሽን ደግሞ አጥብቀሽ ያዢ። እዚህ አገር ከዲግሪሽ ይልቅ ስልክ የሚያነሳልሽ ሰው ነው የሚያስቀጥርሽ።


ሼባው፦

ሒሳብ_ከኋላ የሚለው ግማሹ እውነት ነው፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ሰው ታይቶለት ያለቀ ቅጥር አይቻለሁ። ግን ከውጭ ሆነሽ የትኛው እንዳለቀ የትኛው እንዳላለቀ መለየት ስለማትችዪ፣ ሁሉንም እንዳላለቀ ቆጥረሽ ነው የምታመለክቺው።

እኔ ጡረታ ሊወጣ ትንሽ የቀረው ሰው ነኝ። እንዲህ ላለ የሥራ መደብ ቅጥር ኮሚቴ ተብዬ ጥቂት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ያቺን የ400 ቃል ጥያቄ የምንጨምራት እኛ ነን፣ ስለዚህ ስድቡ ለኛ ይድረስ። መልሶቹ በክምር ይመጣሉ፤ ማታ ቤት ወስጄ አነባለሁ። እውነቴን ነው፣ ገድል የማነብ ይመስለኛል። ሁሉም ጻድቅ። ሁሉም አበል ፈርም ተብሎ እምቢ ያለ፣ ሁሉም አለቃውን የገሠጸ፣ ሁሉም በመጨረሻ አለቃው ይቅርታ የጠየቀው። አምስተኛው ላይ ስደርስ የማን የማን እንደሆነ ይምታታብኛል። አንድ ጊዜ ሁለት አመልካቾች አንድ ዓይነት ታሪክ እስከ ነጠላ ሰረዙ ድረስ ልከውልናል።

ልጄ፣ ታሪክሽን ጻፊው። ንስሐ ግን አታድርጊው። ኮሚቴው የነፍስ አባትሽ አይደለም፤ «ይቅር በሉኝ» የሚል 400 ቃል ማንበብም ይከብዳል። የሚፈለገው ሥራው የት ጋ እንደሚሰበር የምታውቅ ሰው ናት። ክፍያችሁ በቀን ነበር በፎርም? በፎርም ከነበረ እሱን ጻፊ። ሰው በሞላው ፎርም ልክ እየተከፈለው የተዘጋ ቤት ሦስት ጊዜ ይመላለሳል ብሎ መጠበቅ ጥናቱን ያቀደው ሰው ጥፋት ነው። ያ ግን ያንቺን 11 አያጥበውም። ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጫቸው።

ማን ተጎዳ የሚለውን እንዳትዘልዪው። ገንዘቡን የሰጠው ብቻ አይደለም። ጥያቄው ስለ ውኃ ከነበረና አንቺ ካፌ ቁጭ ብለሽ «በሳምንት 4 ቀን ይመጣል» ብለሽ ከሞላሽ፣ 11 ቤት ውኃ አገኘ ማለት ነው። ወረቀት ላይ።

ከዚያ ኮሚቴው የሚጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ምን አደረግሽ? ምንም ካላደረግሽ ምንም አላደረግሁም በዪ። ግን እስከ አርብ ቀን አለሽ። የጥናቱ ባለቤት አልጠፋም አይደል?

ሰውየውን በስም አትጥሪው፤ ድርጅቱንም እንደዚያው። ለእሱ አዝኜ አይደለም፤ መልስ ሊሰጥ በማይችልበት ወረቀት ላይ ሰው አይከሰስም። ሪፈረንስ ግን አታድርጊው። እስቲ አስቢው፣ ኮሚቴው ያንቺን 400 ቃል በእጁ ይዞ ስልክ ይደውላል፣ እሱ ወዲያ ማዶ «እሷማ በሐቀኝነቷ የታወቀች ናት» ይላል። እኔ ብሆን ስልኩን ሳልዘጋ እስቃለሁ።

ሌላው፣ «ሥነ ምግባር» የሚለውን ቃል ተጠንቀቂው። እዚህ ከተማ ቢያንስ ሦስት ነገር ነው። አንዱ ፀረ ሙስናው ነው፤ ኮሚሽኑ በ1993 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ሰው ሥነ ምግባር ሲባል የሚታየው ጉቦ ብቻ ነው። ሁለተኛው የምርምር ሥነ ምግባር ነው፤ ፕሮፖዛልሽን ይዘሽ ጥቁር አንበሳ የምትመላለሺበት የግምገማ ኮሚቴ። ሦስተኛው የዳታው ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ የሰበሰብነውን ስልክ ቁጥር የት ነው ያስቀመጥነው ብሎ የሚጨነቅ ሰው መታየት ጀምሯል፣ የሚገባውን ያህል ባይሆንም። ማስታወቂያውን ደግመሽ አንብቢና ያንቺዎቹ የትኛውን እንደሚሉ እዪ። አንቺ ከገለጽሽው ሁለተኛውና ሦስተኛው ይመስለኛል። የሙስና ታሪክ ለእነሱ ብትልኪ ሌላ ቤት በር ያንኳኳሽ ነው የሚሆነው።

ደብዳቤሽን ደግሞ በቱስኪጊ አትጀምሪ። ሁሉም በእሱ ነው የሚጀምረው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1932 እስከ 1972 አላባማ ውስጥ ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁሮች መድኃኒቱ እያለ ሳይታከሙ የታዩበት ጥናት፤ ሰው ላይ ለሚደረግ ምርምር የሥነ ምግባር መርሆችን ያስቀመጠው የ1979ኙ ቤልሞንት ሪፖርትም በዚያ ጦስ የመጣ ነው። ኮሚቴው ይኼን ያውቀዋል። አንቺ የምታውቂውና እነሱ የማያውቁት ፒያሳ ያለውን ካፌ ነው።

ለጽሑፍ ፈተና ከተጠራሽ ይቺን ጠብቂ፤ እኛ ብዙ ጊዜ የምንጥላት ናት። አጥኚው ሰፈር ሲገባ የሚያስተዋውቀው የወረዳው ሰው ወይም የብሎክ መሪው ነው። ያለ እሱ ማን በር ይከፍታል? ግን እሱ አጠገብሽ ቆሞ «ጥናቱ በፈቃደኝነት ነው፣ አልፈልግም ማለት ይችላሉ» ብለሽ ስታነቢላቸው የእትዬ ዓይን እሱ ላይ ነው። «እሺ» ይላሉ። ያ እሺ የማን እሺ ነው? አብዛኛው ተፈታኝ «የስምምነት ቅጽ አስፈርማለሁ» ብሎ ያልፋታል። ጥሩ መልስ የሰጠች አንዲት ልጅ ግን ትዝ ትለኛለች። «ሰውየው አስተዋውቆኝ ይመለስ፤ ቅጹን የማነበው ጀርባውን ካየሁ በኋላ ነው፤ መሐል ላይ ደግሞ ልቀጥል ወይስ ሌላ ቀን ልምጣ ብዬ እንደገና እጠይቃለሁ» አለች። እምቢ ማለት ለሚያሳፍረው ሰው «ሌላ ቀን» የምትለዋ መውጫ ናት። ቀጠርናት።

ሌላዋ ወጥመድ፣ «ስም አልጻፍንም፣ ስለዚህ ማንነታቸው አይታወቅም» የሚሉት ነው። ስም አልጻፍሽም፤ ስልክ ቁጥራቸውንና የቤቱን ጂፒኤስ ግን ይዘሻል። ያ ምስጢር መጠበቅ ነው እንጂ ማንነት አለመታወቅ አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ለዚህ ሥራ ያስፈራኛል።


ኮቦ_አጽጂ፦

ዳታ ማጽዳት ሥራዬ ነው፤ ከወዲያኛው ወገን ልንገርሽ። ሱፐርቫይዘራችሁ ያልነገራችሁ ነገር ታብሌቱ ወሬኛ መሆኑን ነው። ፎርሙ የተከፈተበትና የተዘጋበት ሰዓት ተመዝግቧል። 40 ደቂቃ የሚፈጅ ቃለ መጠይቅ በ6 ደቂቃ አልቆ ቀጣዩ በደቂቃ ልዩነት ከተከፈተ፣ ልጅቷ ከቤት ቤት በርራለች ማለት ነው። ጂፒኤሱ ይብሳል። አንድ ጊዜ ነጥቦቹን ካርታ ላይ ሳወጣቸው ሰፈሩ ላይ መበተን የነበረባቸው ቤቶች አንድ ሕንፃ ላይ እንደ ዝንብ ሰፍረዋል። ኬክ ቤት ነበር።

በወረቀት ዘመንም ያው ነው። ፊልድ የዋለ ፎርም ጠርዙ ይታጠፋል፣ ዝናብ ይነካዋል፣ መሐል ላይ እስክሪብቶ ይቀየራል። ካፌ የተሞላው እንደ ሠርግ መጥሪያ ንጹሕ ነው።

ከሁሉም የሚያስቀኝ ግን የውሸት ቤተሰቦች መመሳሰላቸው ነው። ሰው ከአእምሮው ሲፈጥር መካከለኛ ነገር ነው የሚፈጥረው፤ 5 ቤተሰብ፣ ሁለት ክፍል፣ ልጆቹ ሁሉም ትምህርት ቤት። እውነተኛ ሰው አይገመትም። 9 ሆነው አንድ ክፍል ይኖራሉ፤ ፍራሽ የለም፣ ዲሽ አለ።

እና እንዳልታወቀብሽ ካሰብሽ፣ እንጃ።


ቀበና_ዳር፦

ኮቦ_አጽጂ፣ ጽሑፍህን ሳነብ ሆዴ ባር ባር አለ። የመጀመሪያዋ የፈጠርኳት ሴት 42 ዓመቷ ነበር። እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፣ ባሏ ሞቷል፣ የቀበሌ ቤት ትኖራለች፣ ሦስት ልጆች አሏት። አክስቴ ናት። ሁለተኛዋ 45 ዓመቷ ሆኖ ጉሊት ትቸረችራለች፤ እሷም አክስቴ ናት። 11 ጊዜ አክስቴን አባዛኋት። «በጥናቱ ለመሳተፍ ፈቃደኛ ነኝ» የምትለዋን ሳጥንም 11 ጊዜ የነካሁላት እኔው ነኝ። እስከ ዛሬ እሷን አስቤያት አላውቅም ነበር፤ ጋሼ ሼባው ስለ «እሺ» ሲጽፉ ነው ትዝ ያለችኝ።

ጋሼ፣ ክፍያው በፎርም ነበር። ከዚያ ወዲህ ምን አደረግሽ ላሉኝ፣ የቡድን መሪ የሆንኩ ጊዜ ልጆቹን «ሦስት ጊዜ ሄዳችሁ ያጣችሁትን ቤት አልተገኘም ብላችሁ ዝጉት» ብያቸው ኮታችን ጎድሎ ተቆጥተውኛል። ይቆጠራል? ለማንም ግን አልተናገርኩም። ለማን ነው የሚነገረውስ?


ሼባው፦

ይቆጠራል እንጂ። እሱ እኮ ነው ታሪኩ። ካፌውን በ100 ቃል ጨርሺና የቀረውን ለዚያ ስጪው፤ ስንት ቤት «አልተገኘም» ተባለ፣ ማን ተቆጣ፣ ምን መለስሽ። አክስትሽን ግን አትተያት።

የሚነገረው ለጥናቱ ዋና ተመራማሪ ወይም ዳታውን ለያዘው ሰው ነው። አጭር ኢሜይል ይበቃል። የጥናቱ ስም፣ ቀኑ፣ የታብሌትሽ መለያ ቁጥር ካስታወስሽ፣ 11ዱ። ስለሌሎቹ ስድስት ልጆች አትመስክሪ፣ የራስሽን ብቻ።


ኤችአር_ነኝ_አትስደቡኝ፦

ሰዎቹ ነፍሷን ሲያድኑ እኔ ወረቀቷን ላድን።

ቀበና_ዳር፣ ሲቪሽ ላይ ያሉትን ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ ወደ አንድ አቆጣጠር ቀይሪ። አንዲት አመልካች ትምህርቷን የጨረሰችው 2012፣ ሥራ የጀመረችው 2020 ብላ ጻፈች። የመጀመሪያው በኛ፣ ሁለተኛው በፈረንጅ፤ በእውነቱ የአንድ ወር ልዩነት ነው። የውጭ አገሩ ኃላፊ «ይቺ ልጅ ስምንት ዓመት የት ነበረች?» ብሎ ጠየቀኝ። እስክናስረዳው ሾርትሊስቱ ወጥቷል።

ለጽሑፍ ናሙና የቀድሞ ድርጅትሽን ሪፖርት እንዳትልኪ። የሥነ ምግባር ቤት ያልታተመ የሌላ ድርጅት ሰነድ ስትልኪላቸው ምን እንደሚሉ አስቢው። የመመረቂያ ጽሑፍሽን ዘዴው የተገለጸበትን ምዕራፍ ቆርጠሽ ላኪ፣ ያንቺ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም። ከዚያ ውስጥም ያነጋገርሻቸውን ሰዎች ሊያሳውቅ የሚችል ነገር ካለ አውጪው። ይኼን ሳያደርግ የላከ ሰው በዚያው ተጥሎ አይቻለሁ።

ማስታወቂያው «በመብትና በተጠያቂነት ላይ 5 ዓመት የምርምር ልምድ» ካለ አትደንግጪ። በድሮው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ በ621/2001፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት መብት ላይ መሥራት አይችልም ነበር፤ የተካው አዋጅ 1113/2011 እስኪወጣ አሥር ዓመት ያህል እንደዚያ ነበር። እንዲህ ያለ ልምድ በሽ በሽ አይደለም፤ ቀጣሪዎቹም ያውቁታል። የተጠጋ ልምድ ይዘሽ ግቢ።

ደመወዙ «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ይላል አይደል? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፤ እኔም እጽፈዋለሁ፣ አፍራለሁም። ሲጠሩሽ የተጣራ ነው ያልተጣራ ብለሽ ጠይቂ። ጡረታ ካንቺ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ እነሱ 11 ይጨምራሉ። የሙከራ ጊዜ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በ1156/2011፣ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ «ስድስት ወር እናይሻለን» የሚል ካለ አትፈርሚ። የመደቡ በጀት ከየት እንደሚመጣም ጠይቂ። ለሦስተኛ ወገን ጥቅም፣ ማለትም ለአባላቱ ሳይሆን ለሌላ ሰው የሚሠራ ድርጅት ለአስተዳደር ከ20 በመቶ በላይ እንዳያወጣ ስለተገደበ አብዛኛው ተመራማሪ በፕሮጀክት ነው የሚቀጠረው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አንቺም ታልቂያለሽ። መጠየቅ አያሳፍርም።

የመመዝገቢያ ብር የጠየቀሽ ካለ ሌባ ነው፣ ብሎክ አድርጊው።

ሪፈረንስ የምታደርጊውን ሰው አስቀድመሽ አስፈቅጂ። እኔ ስደውል «ማን ናት?» ያለኝ ሪፈረንስ ብዙ ነው።


ሒሳብ_ከኋላ፦

እሺ፣ ሁላችሁም ጻድቃን ናችሁ። የቤት ኪራዩን ማን ይከፍልላታል? ያ ሰውዬ ትልቅ ቦታ ነው ያለው ተብላችኋል። ነገ «የማታመሰግን» ብሎ ስሟን ቢያጠፋስ? የዚህ ዘርፍ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። አንድ ምሳ ሰዓት ላይ ተነግሮ ያልቃል።


ሼባው፦

ሊያጠፋ ይችላል። አያጠፋም ብዬ አልምልልህም። ለዚያ ነው ኮሚቴው ከሌላ ከመስማቱ በፊት ከእሷ አፍ ይስማው የምለው፤ አንዴ በ400 ቃል የተጻፈ ነገር ለሐሜት አይመችም። ኪራዩ ግን ልክ ነህ። ይኼ ማመልከቻ ባይሳካ በሚቀጥለው ወር እሱን ትጠይቀው ይሆናል፣ አልፈርድባትም።


ሒሳብ_ከኋላ፦

እኔ 23 ነው የሞላሁት። ክረምት ነበር፣ ጫማዬ ተቀዶ ነበር። እንዲያው ስለተነሳ ነው።


ቀበና_ዳር፦

አዲስ ነገር ካለ ንገሪን ላላችሁኝ። አስገባሁ። አርብ 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ 396 ቃል።

ኢሜይሉን ረቡዕ ነው የላክሁት፣ ዳታውን ይዛ ለነበረችው ሴትዮ። ስሟን ከድሮ የሥልጠና ወረቀት ላይ አገኘሁት። በማግሥቱ ሦስት መስመር መለሰችልኝ። አመሰገነችኝ፤ የኛን ቡድን ዳታ ያኔውኑ ሙሉ በሙሉ ከትንተናው አውጥተውት ነበር። ኮቦ_አጽጂ እንዳልከው፣ ካርታው።

ሙሉ በሙሉ የምትለዋን ደጋግሜ አነበብኳት። 11ዱ ብቻ አይደሉም እኮ። ከዚያ በፊት በዝናብ በር አንኳኩቼ በትክክል ያናገርኳቸው ቤቶችም አብረው ተጥለዋል። አንድ እናት ነበሩ፣ ጣሪያቸው ያፈስ ስለነበር ቁጭ ባልንበት አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ እየተቀያየርን አንድ ሰዓት ያህል አወሩኝ፣ ሻይም አጠጡኝ። ስወጣ «ይኼ የምትጽፊው ለሚመለከተው ይደርሳል አይደል?» አሉኝ። ይደርሳል አልኳቸው። አልደረሰም። 400 ቃሉን እንደገና የጻፍኩት ከእሳቸው ጀምሬ ነው፤ አክስቴ መሐል ላይ ገባች፣ ካፌው ሁለት መስመር ሆነ።

ሱፐርቫይዘሩ ጋም ደወልኩ። ሪፈረንስ እንደማላደርገው ነገርኩት። ለምን አለኝ። ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «ማኪያቶውን ማን እንደከፈለ ጻፍሽ?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አልተጣላንም፣ ግን ደህና ሁኚ አላለኝም። በእሱ ፋንታ ኮታ ጎደለብኝ ብላ የተቆጣችኝን አስተባባሪ ጠየቅኳት፤ ከማንም በላይ እሷ ታውቀኛለች ብዬ። «እንዳስቸገርሽኝ እነግራቸዋለሁ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ጋሼ ሼባው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሒሳብ_ከኋላ፣ አንተም ኢሜይል ጻፍ፣ ምን ይልሃል።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ መልእክት ገባልኝ። ለጽሑፍ ፈተና ተጠርቻለሁ፤ ማክሰኞ 3 ሰዓት ይላል። ጠዋት ይሁን ከሰዓት አይልም። ኤችአር፣ ይቺ በኛ ናት በፈረንጅ?


ኤችአር_ነኝ_አትስደቡኝ፦

ደውለሽ ጠይቂ። ካላነሱልሽ በኛ ነው ብለሽ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ተገኚ፤ በፈረንጅ ከሆነ ከሰዓት ትመለሻለሽ፣ ስታዲየም ለቀበና ሩቅ አይደለም። መታወቂያ እንዳትረሺ፣ ዘበኛው አያስገባሽም።